የተዘነጋው መገጣጠሚያ፦ የሴቶች የዳሌ ሕመምና የፊዚዮቴራፒ ታሪክ

ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋሞቻችን ከሚመጡ እናቶች መካከል፣ ሌሊት አልጋቸው ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መገላበጥ እንዳቃታቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ወይም በአንድ እግራቸው ቆመው ልብስ ሲለብሱ ከወገባቸው በታች፣ ከመቀመጫቸው ከፍ ብሎ በአንድ ወገን እንደሚወጋቸው የሚናገሩ ጥቂት አይደሉም። የሚሰጣቸው መልስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። በቤት «ብርድ ገብቶሽ ነው» ይባላሉ፤ በጤና ተቋም ደግሞ «ከእርግዝናው ጋር የመጣ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ይባላሉ። ሁለተኛው መልስ ለአብዛኞቹ እውነት ሆኖ ይገኛል። ለቀሩት ግን ሕመሙ ከወሊድ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አብሯቸው ይቆያል። ሕፃን ማዘል፣ እንስራ መሸከም፣ ዝቅ ብሎ ቤት መጥረግ በየዕለቱ ፈተና ይሆንባቸዋል።

የሕመሙ ዋና መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው ሳክሮኢሊያክ የተባለው መገጣጠሚያ ነው። ይህም የአከርካሪው ግርጌ የሆነው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት፣ ሳክረም፣ በግራና በቀኝ ከዳሌ አጥንቶች ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው። የላይኛው የሰውነት ክብደት ወደ እግሮች የሚተላለፈው በእነዚህ ሁለት መገጣጠሚያዎች በኩል ነው። ገጻቸው ወጣ ገባ ነው፤ ዙሪያቸውንም በሰውነት ውስጥ ካሉት ጅማቶች እጅግ ጠንካራ የሆኑት ጠፍረው ይዘዋቸዋል። ከዚህም የተነሣ «ለመሆኑ ይንቀሳቀሳሉን?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለብዙ ዘመን ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል።

የጥንት ግሪክ ሐኪሞች የሴት ዳሌ በወሊድ ጊዜ ይላላል ብለው ያምኑ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስከሬን እየከፈቱ የሰውነትን አሠራር ያጠኑ ሊቃውንት ግን፣ ቬሳሊየስን ጨምሮ፣ ይህን አልተቀበሉትም። የፈረንሳይ ነገሥታት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የነበረው አምብሯዝ ፓሬም ለረጅም ጊዜ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበር። አሳቡን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1579 በፓሪስ፣ ከወለደች ብዙም ሳትቆይ በስቅላት የተቀጣች የአንዲት ሴት አስከሬን ሲከፈት የዳሌዋ አጥንቶች ተላቅቀው በማየቱ ነው። በሕይወት ያሉ እናቶች ሲናገሩት የኖሩት ነገር በሊቃውንቱ ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት የአንዲት ሟች ዳሌ መከፈት ነበረበት። ይህ ቅደም ተከተል በኋለኞቹ ዘመናትም በሌላ መልክ ተደግሟል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ፎን ሉሽካ ሳክሮኢሊያክ እንደ ሌሎቹ ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያዎች ክፍተት ያለው እውነተኛ መገጣጠሚያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1854 ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1870 ደግሞ ስኔሊንግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ስለሚከሠተው የዳሌ መገጣጠሚያዎች መላላት ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ በአብዛኛው የማዋለድ ሕክምና ጉዳይ ነበር። የአጥንት ሐኪሞችን ትኩረት የሳበው በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ በቦስተን ከተማ ነው።

ጆኤል ጎልድዝዌት በቦስተን የታወቀ የአጥንት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ከባልደረባው ከሮበርት ኦስጉድ ጋር ሆኖ በቦስተን የሕክምናና የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ዳሌ መገጣጠሚያዎች አንድ ጥናት አሳተመ። የጥናቱ ፍሬ ነገር፣ መገጣጠሚያዎቹ በጤናማ ሰውም ቢሆን በመጠኑ ይንቀሳቀሳሉ፤ በሴቶች ላይ በወር አበባና በእርግዝና ጊዜ ይበልጥ ይላላሉ፤ ከመጠን በላይ ሲላሉ ወይም ከቦታቸው ሲነቃነቁ ደግሞ የወገብ ሕመምና ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ያስከትላሉ የሚል ነበር። ሕክምናውም ከዚህ አስተሳሰብ የመነጨ ነው። የላላውን በቀበቶና በጄሶ ማሰር፣ ከቦታው ተነቃንቋል የተባለውን ደግሞ በእጅ ወደ ቦታው መመለስ ነበር።

ጽሑፉ ትልቅ ተቀባይነት አገኘ። በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ዓመታት የወገብ ሕመም ሲባል ብዙ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህንን መገጣጠሚያ ሆነ። ሕመሙን ለመለየት ከሚያገለግሉት የእጅ ምርመራዎች አንዱ እስከ ዛሬ የጌንስለን ስም አለው። ስሚዝ ፒተርሰን በ1920ዎቹ መገጣጠሚያውን በቀዶ ሕክምና አጋጥሞ የማድረቅን ዘዴ አስፋፋ። ቀዶ ሕክምናው ለአንዳንዶች ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ማን በእርግጥ የመገጣጠሚያው ሕመም እንዳለበት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይበት መንገድ በሌለበት ዘመን የተደረገ ስለነበር፣ የወገብ ሕመም ያለበት ሁሉ በአንድ ስም ይጠራና በአንድ ዘዴ ይታከም ጀመር።

ስለዚህ ሐኪም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከፊዚዮቴራፒ ሙያ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የሙያው ሥር በስዊድን ነው፤ ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም አቋቁሞ የሰውነት እንቅስቃሴን ለሕክምና እንዲውል አድርጓል። በእንግሊዝ ደግሞ አራት ነርሶች እ.ኤ.አ. በ1894 የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያዎችን ማኅበር መሠረቱ። አሜሪካ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል፣ ቁስለኞችን የሚያሠለጥኑ ሴቶች «የመልሶ ማቋቋም ረዳቶች» በሚል ስም ሲመለመሉ፣ የጎልድዝዌት እጅ ነበረበት። የረዳቶቹ የመጀመሪያ ኃላፊ ማርጌሪት ሳንደርሰን ቀድሞ በቦስተን ከእርሱ ጋር ትሠራ ነበር። ከረዳቶቹ አንዷ የነበረችው ሜሪ ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ1921 በተመሠረተው የአሜሪካ ሴት ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ስለ ሴቶች ዳሌ የጻፈው ሐኪምና የሴቶች ሙያ ሆኖ የተወለደው ፊዚዮቴራፒ እንዲህ ጎን ለጎን ነበሩ። ሆኖም የእነዚያ ሴቶች ሥልጠና ያተኮረው በጦር ቁስለኞች፣ ቀጥሎም በፖሊዮ በተጎዱ ሕፃናት ላይ ነበር። ዳሌዋን ያመማት አራስ ወደ እነርሱ የምትላክበት መንገድ ገና አልተከፈተም።

ጎልድዝዌት ራሱ የገነባውን አስተሳሰብ የሚያናጋ ነገር በሕይወቱ ገጠመው። ከመገጣጠሚያው ነው በተባለ የወገብ ሕመም ሲታከም የነበረ አንድ ሰው፣ ጀርባው በእጅ ከተስተካከለ በኋላ እግሮቹ ሰለሉ። ሃርቪ ኩሺንግ የአከርካሪውን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ከፈተለት። ጎልድዝዌት እ.ኤ.አ. በ1911 ይህንኑ ሁኔታ በግልጽ ጽፎ ሲያሳትም፣ ጥፋቱ ከዲስኩ ወደ ኋላ መገፋት ሊመጣ እንደሚችል ጠቆመ። ስሕተትን በዚህ ዓይነት ግልጽነት ማሳተም በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ምናልባትም ከ1905ቱ ጽሑፍ ይልቅ የሚያስመሰግነው ይህኛው ነው። ጥቆማው ግን ለሃያ ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች የዲስክ መቀደድ የነርቭ ሥርን ተጭኖ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም እንደሚያስከትል አሳዩ። ጽሑፉ የወጣው በዚያው የጎልድዝዌት ጥናት በታተመበት መጽሔት ነው፤ መጽሔቱ ከ1928 ጀምሮ ስሙ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ሆኗል። ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ በዓይን የሚታይ፣ በቢላ የሚወጣ ምክንያት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሳክሮኢሊያክ ከሕክምና መጻሕፍት ቀስ በቀስ ወጣ። አንዳንድ መምህራን መገጣጠሚያው ከቶ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህም አያምም ወደሚለው አሮጌ አቋም ተመለሱ። የዲስክ ችግር በምስል ያልተገኘባት፣ የነርቭ ምርመራዋም ደህና የሆነ ወላድ ስሟ የሌለ ታካሚ ሆነች። ብዙዎቹ «ከጭንቀት ነው» ተብለው ተሸኙ።

በዚሁ ዘመን በሌላ አቅጣጫ አንድ ግኝት ተገኝቶ ነበር። ፍሬድሪክ ሂሶ እ.ኤ.አ. በ1926 የእርጉዝ እንስሳትን ሴረም ለጊኒ ፒግ በመርፌ ሲሰጥ የዳሌያቸው ጅማት እንደሚላላ አየ። ይህን የሚያደርገው ሆርሞን በኋላ ሪላክሲን ተባለ። ከዚያ ወዲህ የነፍሰ ጡር ዳሌ ሕመም ምክንያቱ ሪላክሲን ነው የሚለው ማብራሪያ በየማስተማሪያው ገባ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማክሌናንና ባልደረቦቹ ከባድ ሕመም ባለባቸው ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ የሆርሞኑ መጠን ከፍ ብሎ ማግኘታቸውን ዘገቡ። በ1990ዎቹ በዴንማርክ የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህንን ግንኙነት አላገኙም። ሆርሞኑ ጅማትን ማላላቱ በእንስሳት ላይ የታየ ነው፤ በሴቶች ላይ የሕመሙን ልክ የሚወስነው እርሱ ነው ለማለት ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ብዙ ባለሙያዎች አሁንም ለታካሚዎች እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲናገሩት ይሰማል።

መገጣጠሚያው ከተረሳበት የወጣው በስዊድን፣ በመለካት ነው። ስቱሬሰንና ባልደረቦቹ በ25 ታካሚዎች የዳሌ አጥንት ውስጥ ጥቃቅን የታንታለም ብረት እንክብሎችን አስገብተው፣ ሰዎቹ አቋማቸውን ሲለውጡ እንክብሎቹ ምን ያህል እንደሚርቁ በራጅ ለኩ። ታካሚዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ውጤት፣ መገጣጠሚያው በአማካይ 2.5 ዲግሪ ያህል እንደሚዞርና 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚንሸራተት አሳየ። የሚያመውና የማያመው ወገንም ልዩነት አልነበረውም። ስለዚህ አይንቀሳቀስም ያሉት ተሳስተዋል፤ ወጥቷል፣ ተነቃንቋል የሚሉትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቱልበሪና ባልደረቦቹ በዚሁ ዘዴ መገጣጠሚያው በእጅ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ለኩት። ባለሙያዎቹ በእጃቸው ዳስሰው «ተስተካክሏል» ያሉት አጥንት ከነበረበት ቦታ አልተነቃነቀም ነበር። ታካሚ ከዚህ ዓይነት ሕክምና በኋላ እፎይታ ሊሰማት ይችላል፤ እፎይታው የሚመጣው ግን አጥንት ወደ ቦታው ስለተመለሰ አይደለም። የእኛ ወጌሻ «ውልቃት ነው» ብሎ ሲያሽ፣ የምዕራቡ ዓለም የእጅ ሕክምና ባለሙያም «ተንሸራቷል» ብሎ ሲጫን የኖሩት በአንድ ዓይነት እምነት መሆኑን ልብ ይሏል።

አጥንቱ ከቦታው ካልወጣ፣ የእንቅስቃሴው ልክም ካልተለየ፣ የሚያመው ምንድን ነው? በሮተርዳም የኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቭሌሚንግ፣ ስናይደርስና ስቱካርት ከ1990 ጀምሮ ጥያቄውን በሌላ መልኩ አቀረቡት። መገጣጠሚያውን የሚያጸናው የአጥንቶቹ ወጣ ገባ ገጽ ብቻ ሳይሆን፣ የሆድ፣ የጀርባ፣ የመቀመጫና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ከግራና ከቀኝ የሚያሳርፉት ጭምቀት ጭምር ነው አሉ። ይህ አስተሳሰብ ጉዳዩን ከአጥንት ሐኪሙ ቢላ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ እጅ አሸጋገረው፤ የጡንቻን ጭምቀት ማሠልጠን ይቻላልና።

ከዚያው ቡድን ሜንስ ያወጣው ምርመራ በቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። ሴትዮዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እግሮቿን ቀጥ አድርጋ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ታራርቃለች፤ ከዚያም ጉልበቷን ሳታጥፍ አንዱን እግሯን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአልጋው ታነሣለች። ምን ያህል እንደከበዳት ከ0 እስከ 5 የምትመድበው ራሷ ናት። መርማሪው ዳሌዋን ከግራና ከቀኝ በእጁ ጨምቆ ሲይዝላት እግሩ ቀለል ካላት፣ ችግሩ ኃይልን በዳሌ በኩል በማስተላለፍ ላይ መሆኑን ይጠቁማል። ከፓሬ ዘመን ጀምሮ ይህ ሕመም በሟች አጥንት፣ በራጅና በቀዶ ሕክምና ሲፈለግ ኖሮ፣ የታካሚዋ የራሷ ቃል የምርመራው ውጤት ሆኖ የተመዘገበው እዚህ ላይ ነው።

በስዊድን ኦስትጎርድና ባልደረቦቹ የነፍሰ ጡርን የወገብ ሕመም ከዳሌ የኋላ ክፍል ሕመም የሚለይ ሌላ የእጅ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙ። ጭኗን 90 ዲግሪ አጥፎ በጭኑ አጥንት መስመር ወደ ታች መጫን ነው፤ የተለመደው ሕመም ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ በዚያው ወገን ከተቀሰቀሰ ውጤቱ ይቆጠራል። ልዩነቱ ለሕክምናው ትርጉም አለው፤ ለተራ የወገብ ሕመም የሚታዘዝ ጠንካራ እስፖርት ዳሌዋን ያመማትን ሴት ሊያብስባት ይችላልና።

ስለ ስም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በኖርዌይ ሕመሙ ለረጅም ጊዜ «ቤከንሎስኒንግ»፣ ትርጉሙም የዳሌ መላላት፣ ይባል ነበር። ስሙ ሰፊ እውቅና አግኝቶ ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል፤ ሕመማቸው ስም ማግኘቱ በራሱ ጠቅሟቸዋል። በሌላ በኩል ዳሌዋ እንደላላ የተነገራት ሴት ሰውነቷ ሊበታተን የተቃረበ መስሎ ቢሰማት፣ ከመራመድም ብትቆጠብ አይፈረድባትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቭሌሚንግ መሪነት የወጣው የአውሮፓ መመሪያ «የዳሌ ቀለበት ሕመም» የሚለውን ስም መረጠ፤ ነፍሰ ጡሮችን የሚይዘውም 20 በመቶ ያህሉን እንደሆነ ገመተ። ስሙ የሚያመውን ቦታ ይናገራል እንጂ ያልተረጋገጠ ምክንያት አይናገርም።

እንቅስቃሴ በእርግጥ ይረዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በሙከራ የተፈተነው ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያው መልስም ተስፋ አስቆራጭ ነበር። ሜንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት፣ 44 ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ፣ በቪዲዮ ትምህርት የተሰጠ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማጠናከሪያ ልምምድ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ ኖርዌጂያዊቷ ፊዚዮቴራፒስት ብሪት ስቱገ የተለየ ውጤት ይዛ መጣች። ሙከራዋ ከወሊድ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 81 ሴቶችን ያካተተ ነው። ሁለቱም ቡድኖች ለ20 ሳምንታት ፊዚዮቴራፒ ተደርጎላቸዋል፤ ልዩነቱ አንደኛው ቡድን ለየታካሚዋ የተመጠነ የማጽኛ ልምምድ መጨመሩ ነበር። ይህ ቡድን በሕመምም በዕለት ተዕለት ተግባርም በግልጽ ተሻለ፤ ብልጫውም ከወሊድ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት በተደረገው ክትትል ጸንቶ ተገኘ።

የሁለቱን ሙከራዎች ልዩነት በልምምዱ ዓይነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። በስቱገ ዘዴ የሚጀመረው ከጥልቁ የሆድ ጡንቻ ነው፤ ሴትዮዋ እምብርቷ በታች ያለውን ሆዷን ትንፋሿን ሳትይዝ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ መሳብ ትማራለች። ጭነቱ የሚጨመረው ይህን ስትችል ነው። የመቀመጫ፣ የጀርባና የጭን ጡንቻዎች ቀጥለው ይገባሉ። ልምምዱ ሕመሙን ከቀሰቀሰ ጭነቱ ይቀነሳል። በመጨረሻም የተማረችው ሁሉ ሕፃን ከማንሣት፣ ከአልጋ ከመነሣት፣ ደረጃ ከመውጣት ጋር ይዋሐዳል። አብዛኛውን በቤቷ ትሠራለች፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ግን እየጠራች ታያታለች፣ ታርማለች። አንድ ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በእርግዝና ወቅት ያለው ማስረጃ ከዚህ የሳሳ መሆኑን መደበቅ አይገባም። በስዊድን 386 ነፍሰ ጡሮችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የኤልደን ሙከራ፣ የማጽኛ ልምምድ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲጨመር እንደሚረዳ፣ አኩፓንክቸር ደግሞ ከልምምዱ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በአንጻሩ ለዳሌ ሕመም ብቻ የተሰጠ የእንቅስቃሴ ሕክምና የሚያስገኘውን ጥቅም አስተማማኝ በሆነ መጠን አላገኘውም።

የጎልድዝዌት ቀበቶም ተመልሷል፤ አሁን ግን የልምምድ አጋዥ ሆኖ ለአጭር ጊዜ ይታሰራል። ሜንስ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው ቀበቶው ከፊት በኩል በእጅ ከሚዳሰሱት የዳሌ አጥንት ጫፎች ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲታሰር ይበልጥ ይጠቅማል። በአገራችን አራስ ሆዷን በመቀነት ማሰሯ የቆየ ልማድ ነው። መቀነት ግን የሚታሰረው ወገብ ላይ ነው፤ ለዚህ ሕመም የሚፈለገው ጭምቀት ከዚያ ዝቅ ይላል። ያንኑ መቀነት እንዴት ዝቅ አድርጋ እንደምታስረው እናቲቱን ማሳየት የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ እግሯን ማንሣት ቀለል ካላት ቦታው ትክክል መሆኑን ራሷ ታውቀዋለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የአውሮፓ ጥናቶች የተሠሩት ሳክሮኢሊያክን የሚያጠቃ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና ብሩሴሎሲስ ብርቅ በሆኑበት አገር ነው። በእኛ አገር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ዕረፍት የማያስታግሰው ሕመም ያለባት፣ ወይም ያልተፈላ ወተት የምትጠጣና ከከብት ጋር የምትውል ሴት፣ ወደ ልምምድ ከመላኳ በፊት ለእነዚህ ኢንፌክሽኖች መመርመር ይገባታል። በአንድ ወገን ድንገት የጀመረና አራሷን ከቆመችበት የማያራምድ ከባድ ሕመምም በመገጣጠሚያው ውስጥ የገባ መግል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከተገለሉ በኋላ፣ ኒውዚላንዳዊው ፊዚዮቴራፒስት ላስሌት እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው አሠራር ይረዳል፤ ሕመም ከሚቀሰቅሱት ስድስት የእጅ ምርመራዎች ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የለመደችውን ሕመም ካስነሡ፣ ምንጩ መገጣጠሚያው የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ፊዚዮቴራፒስቶች በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሠለጥናሉ፤ ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡሯን የምታየው አዋላጅ ነርስ ናት። እግር የማንሣቱ ምርመራ የሚጠይቀው አንድ አልጋና ሁለት እጅ ነው። በክትትል ካርዱ ላይ «የወገብ ሕመም» ተብሎ በጥቅሉ በሚጻፍበት ስፍራ፣ ሕመሙ ከወገብ በላይ ነው ወይስ በታች፣ እግሯን ስታነሣስ ከ0 እስከ 5 ስንት ሰጠችው የሚለውን መጨመር ለዚህች አዋላጅ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድባትም።